ሻለቃ በሁለት ምክር ቤት ፊት

ጡረታ የወጣ አስተማሪ ለሰፈር አደገኛ ነው። ጡረታ የወጣ ሹፌር መኪና ሲያይ ይቆዝም ይሆናል እንጂ ማንንም አያስቸግርም። ጡረታ የወጣ ግንበኛ ቢበዛ የሰው አጥር አጠገብ ቆሞ «ይሄ ጠሟል» ብሎ ያልፋል። አስተማሪ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ እሱ ሲናገር ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጠው የኖረ ፍጡር ነው። አንድ ቀን ደወሉ ይደወልና ተማሪዎቹ በሙሉ ሄደው አይመለሱም። እሱ ደግሞ ንግግሩን ገና አልጨረሰም። የቀረውን ለማን ይናገር? ለሚስቱ? ሚስቱ እኮ ትምህርቱን ከተማሪዎቹ ቀድማ ነው የጨረሰችው። ስለዚህ የሚቀረው ጎረቤት ነው።

እኔ ያስተምር የነበርኩት ሥነ ዜጋ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ብሆን ኖሮ ግቢያችን ላይ የሚደርሰው ጉዳት በክረምት ማጠናከሪያ ስም ጥቂት ሕፃናትን ከማስለቀስ አያልፍም ነበር። የሥነ ዜጋ አስተማሪ ግን ሥራ ሲፈታ መንግሥት ያቋቁማል። እኔም ላፍቶ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ባለ ሁለት ምክር ቤት መንግሥት አቋቋምኩ። እንዴት እንደሆነ ላውራችሁ፤ ስሰማው የኖርኩትን ዝምታ ለአንድ አፍታ እናንተ ብትሰጡኝ ምን ይጎድልባችኋል?

ግቢያችን የተሠራው ቁልቁለት ላይ ነው። ከላይ በኩል አንደኛና ሁለተኛ ብሎክ አሉ፤ ረጃጅሞች ናቸው፣ ሰውም የበዛባቸው። ከታች ሦስተኛና አራተኛ አሉ፤ አጫጭሮች ናቸው። የእኔ ቤት አራተኛው ብሎክ ላይ፣ አንደኛ ፎቅ ነው። ድሮ ስብሰባ ሲጠራ ሁላችንም እንወጣና በየቤቱ አንድ አንድ እጅ እናነሳ ነበር። ከላይ ያሉት እጃቸውን ሲያነሱ ደን ይመስላል። እኛ ስናነሳ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ታክሲ የሚጠሩ ነው የሚመስለው። የውሃ ሰዓት ሲወሰን እነሱ፣ የመኪና ማቆሚያ ሲወሰን እነሱ። እኔም ዝም ብዬ ኖርኩ፤ ብዙኃኑ ሲወስን ማክበር ነው ብዬ ያስተማርኩ ሰው ምን ልበል?

ያስቻለኝ የቆሻሻ ገንዳው እስኪመጣ ነው። የት ይቀመጥ ተባለ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ ፍጹም ዴሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ እኔ መስኮት ስር እንዲቀመጥ ተወሰነ። ሽታውም ዴሞክራሲያዊ ነበር፤ ለሁሉም ክፍሎቼ እኩል ይዳረሳል። ባለቤቴ አልማዝ ሦስት ቀን መስኮት ዘግታ ታገሰችና በአራተኛው ቀን «ሕዝብን ስታስተምር ነበር የኖርከው፤ ሕዝቡ ተምሮ ይኸው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ ተናገርኩ። ብዙ አገሮች ሁለት ምክር ቤት አላቸው አልኩ። በአንደኛው ሰው በቁጥሩ ይወከላል፤ ሕዝብ የበዛበት አካባቢ ብዙ ወንበር ያገኛል። በሁለተኛው ትልቁም ትንሹም አካባቢ እኩል ወንበር የሚያገኝባቸው አገሮች አሉ፤ ብዙው ትንሹን እንዳይውጠው። ሕግ የሚሆነው ሁለቱም ሲስማሙበት ነው። አንዳንዱ ሁለተኛ ቤት ሕጉን ጨርሶ መጣል ይችላል፣ አንዳንዱ ማዘግየት ብቻ። አባላቱ የሚመረጡበት አለ፣ የሚሾሙበትም አለ፣ ከአባት የሚወረስበትም ጊዜ ነበር። የኛም አገር ሁለት ቤት አላት፤ የኛ ሁለተኛ ቤት ግን ዋና ሥራው ሕግ ማውጣት ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ነው። ይህን ሁሉ ስናገር የገንዳውን ነገር አንድ ጊዜም አላነሳሁም። እንዲህ ያለ ንግግር ውስጥ ገንዳ አይገባም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነሱት ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። ጎፋ የመጋረጃ ሱቅ አላቸው፤ የአንደኛ ብሎክ ሰው ያለ እሳቸው ምሳ አይበላም።

«ታዲያ የሁለተኛው ቤት ሥራ አንደኛውን እንቢ ማለት ነው?» አሉኝ።

«ሁለተኛ ጊዜ ማሰብ ነው» አልኩ።

«አንደኛው አያስብም ማለት ነው?»

ያስባል፣ ግን ይቸኩላል፤ አንድ ሰው የጻፈውን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያየው ስህተቱ ይታያል፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ አስረዳሁ። አንድ ሰው ታዲያ ሦስተኛ ቤት ለምን አንጨምርም አለ። ሌላው ስብሰባው የማን ቤት ነው የሚሆነው፣ ሻይ ያለበት ከሆነ እሱም ይወከላል አለ። በመጨረሻ ነገሩ ያለፈው በእኔ ንግግር ብርታት አይመስለኝም፤ ዝናብ ሊጥል ስለነበር ነው።

ስም ማውጣት ላይ ትንሽ ተቸገርን። ላይኛውና ታችኛው ምክር ቤት እንበል ብል የአንደኛ ብሎክ ሰዎች ቅር አላቸው። እነሱ ከቁልቁለቱ አናት ላይ እየኖሩ «ታችኛው» ሊባሉ፣ እኛ ከጎርፍ መውረጃው አጠገብ ሆነን «ላይኛው»? በመጨረሻ የቤተሰብ ምክር ቤትና የብሎክ ምክር ቤት ተባለ። የቤተሰቡ ከየአሥር ቤት አንድ ሰው፤ ሰብሳቢ ወይዘሮ ጥሩነሽ። የብሎኩ ከየብሎኩ ሁለት ሁለት ሰው፤ ሰብሳቢ የሦስተኛው ብሎክ ሻምበል ግርማ፣ ከጦር ሠራዊት ጡረታ የወጡ፣ ሰዓት የሚያከብሩ ሰው። ከአራተኛ ብሎክ አንዱ ተወካይ እኔ ሆንኩ። ሌላኛው ተወካይ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ያማረ ነበር። ገንዳው ከመስኮቴ ተነስቶ ወደ ዋናው በር ተወሰደ። እኔም ሁለት ወር ያህል ራሴን እንደ አገር መሥራች ቆጠርኩ። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ግቢውን የማየው እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሻለቃ የመጣው።

ከእኔ ቤት ስር፣ ምድር ላይ፣ ስለሺ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር አለ። ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እናቱ ሲሞቱበት አባቱን ከሰላሌ ገጠር አመጣቸው። አባባ ወልዴ ይባላሉ። ሲመጡ የያዙት ሁለት ከረጢት ልብስ፣ አንድ ከዘራና አንድ አውራ ዶሮ ነው። ዶሮው ቀይ ነው፣ ደረቱን ገልብጦ የሚሄድ፣ ስሙም ሻለቃ። ሻምበል ግርማ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደሆነ አስታውሳለሁ። ሰውየው ሃያ ምናምን ዓመት አገልግለው ሻምበል ሆነው ነው የወጡት። ዶሮው በሁለት ዓመቱ ሻለቃ ሆኗል።

ዶሮ የሚጮኸው ሲነጋ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ከዶሮ ጋር ኖሮ አያውቅም። ሻለቃ ሲነጋ ይጮኻል፤ ይሄ መደበኛ ሥራው ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ይጮኻል። ምሳ ሰዓት ላይ ይጮኻል። መኪና ጥሩንባ ሲነፋ መልስ ይሰጣል። እኔ ዜና ልሰማ ራዲዮ ስከፍት አንባቢው ገና «እንደምን ዋላችሁ» ሳይል እሱ ርዕሱን ይነግረኛል። ልክ ከመኝታ ቤቴ ስር ነው ቆጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አልማዝ በበርበሬና በሽንኩርት ዓይን ታየው ጀመር።

ግን እኛ ምንም አልሆንም። እንቅልፍ ያጣ ጡረተኛ ምን ይጎድልበታል? የተጎዳችው ሲስተር ማርታ ናት።

ሲስተር ማርታ ነርስ ናት፤ የሆሳዕና ልጅ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኗ የምትዘምር፣ በግቢው ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ። አዳር ነው የምትሠራው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትገባና ቀን ትተኛለች። ቤቷ አንደኛ ብሎክ ቢሆንም በጀርባ በኩል ነው፤ መስኮቷ ወደ እኛ ይዞራል። ከሻለቃ ቆጥ የሚለያት አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

አንድ ጠዋት በራችን ላይ ካለችው ሱቅ አገኘኋት። ዳቦ ልትገዛ ገብታ ሳሙና ይዛ ወጣች። ቆም ብላ እጇን አየችው፣ ተመልሳ ገባች፣ ሁለተኛ ሳሙና ይዛ ወጣች።

«ሲስተር፣ አሞሻል እንዴ?» አልኳት።

«አልተኛሁም ጋሼ። ዶሮው ከመጣ ጀምሮ አልተኛሁም።» ሳሙናዎቹን ደረቷ ላይ ያዘቻቸው። «ትናንት አዳር የአንድ በሽተኛ ሙቀት የደም ግፊቱ ቦታ ላይ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አየችና አረመችው። ባታየውስ?»

እሷው ቀጠለች። «ለምን ሄጄ አላናግራቸውም? ሽማግሌው ደግ ሰው ይመስላሉ።»

አሁን ልብ በሉልኝ። እዚህ ላይ አዎ፣ ሂጂና አናግሪያቸው ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ አልቆ ነበር። ግን የሥነ ዜጋ አስተማሪ እንዲህ ይላል? እኔ ያልኳት፣ በግል መነጋገር ቅራኔ ያመጣል፤ አሁን እኮ ተቋም አለን፤ ማመልከቻ ጻፊና ለቤተሰብ ምክር ቤት አስገቢ ነው። እንዴት እንደሚጻፍም አሳየኋት። አመስግናኝ ሄደች። ዳቦውን ሳትገዛ።

የቤተሰብ ምክር ቤት ጉዳዩን በአንድ ስብሰባ ጨረሰው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ማመልከቻውን አነበቡ፣ ሁሉም አዘነ፣ እጅ ተነሳ፣ ደኑ ታየ። «በግቢው ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ማንኛውንም እንስሳ ማኖር ክልክል ነው» የሚል ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ወደ ብሎክ ምክር ቤት ተላከ። እኔም በልቤ፣ ሻለቃ፣ አበቃልህ አልኩ። ለሲስተር ማርታ ብዬ ነው እንዳልል ለራሴም ነው፤ ሐሙስ ስብሰባው ሊሆን ረቡዕ ልብሴን ተኩሼ ጨረስኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አባባ ወልዴ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ሳልፍ ጠሩኝ።

«አንተ አስተማሪው፣ ና እስቲ። እዚህ ግቢ ሁለት ምክር ቤት አለ አሉኝ። እውነት ነው?»

«አዎ አባባ።»

«በንጉሡ ጊዜ እንዲሁ ነበር፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ይባሉ ነበር። የኛ አገር ሰው መወሰኛው ገብቶ እናውቃለን። አንተ መወሰኛው ውስጥ ነህ አሉኝ።»

ተወካይ ነኝ አልኳቸው። ሻለቃ እግራቸው ስር ቆሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያየኛል። አባባ ወልዴ ዶሮውን እያዩ፣ «ዶሮውን አውጡ ተብሏል አሉኝ» አሉ። «የከተማ ሰው ዶሮ አይወድ ይሆናል፤ አልፈርድም። ልጄ ሥራ ነው። እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ቀን ሙሉ የሚያነጋግረኝ እሱ ብቻ ነው። ከባለቤቴ ጫጩቶች የቀረም እሱ ነው። እንግዲህ የኛ ተወካይ አንተ ነህ።»

የሰው ልጅ ምን ዓይነት ነገር ነው? ለሳምንታት ይህ ዶሮ ድስት ውስጥ ሲገባ እያለምኩ ያደርኩ ሰው፣ «አይዞዎት አባባ፣ አስረዳለሁ» አልኩ። ውክልና እንዲህ ያደርጋል። ቤት ገብቼ ለአልማዝ ስነግራት ጥጥ ከመድኃኒት ሳጥን አውጥታ ጆሮዋ ውስጥ ከተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሐሙስ ዕለት እንቅልፍ ባጣ ዓይኔ ስለ ሻለቃ የተናገርኩትን ተማሪዎቼ ቢሰሙት ይኮሩብኝ ነበር። ስለ ትንሹ ብሎክ መብት ተናገርኩ። ስለ አረጋውያን ተናገርኩ። ግን ጉዳዩን የጣለው የእኔ ንግግር አይደለም፤ ሻምበል ግርማ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ውሳኔውን ቃል በቃል አነበቡና፣ «ድምፅ የሚያወጣ ማንኛውም እንስሳ ይላል። የፋሲካ በግስ?» አሉ።

ሁሉም ሰው የራሱን በግ ማሰብ ጀመረ።

እዚህ ላይ ለሁለተኛ ምክር ቤት ያለኝን አድናቆት ብገልጽ አትቀየሙኝ። የቤተሰቡ ምክር ቤት ሳያስበው የግቢውን በዓል በሙሉ ከልክሎ ነበር። ይህን ያየ ሁለተኛ ዓይን ባይኖር የፋሲካ ዋዜማ ምን ይሆን ነበር? ሻምበል ደግሞ ሲጨርሱ፣ «ዶሮው በማዕረግ ይበልጠኛል። ቢሆንም የትንሽ ብሎክ ነዋሪ ነው» አሉ። ውሳኔው ይሻሻል ተብሎ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ በረጅሙ እኛ ኖረነዋል። የቤተሰብ ምክር ቤት «ለበዓል የመጣና ከሦስት ቀን በላይ የማይቆይ እንስሳ ካልሆነ በስተቀር» የሚል ጨምሮ ላከ። የብሎክ ምክር ቤት ዶሮም የበዓል እንስሳ ነው፣ የዶሮ ወጥ ያለ ዶሮ አይሠራም ብሎ መለሰ። የቤተሰቡ «ሴት ዶሮ ሲቀር» አለ። የብሎኩ ይህ በጾታ ማግለል ነው አለ። አንድ የሁለተኛ ብሎክ ሰው ውሻዬን ልትነኩብኝ ነው ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። አንድ ስብሰባ ሰው ስላልሞላ ቀረ፣ አንዱ በለቅሶ ቀረ፣ አንዱ ደግሞ የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ወድቆ ቀረ። ስድስት ሳምንት አለፈ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሻለቃ ሥራውን አላቋረጠም። ሲስተር ማርታን በደረጃው አጠገብ ሳያት መንገድ እቀይር ጀመር። አንድ ቀን መቀየሪያ አጣሁና ተገናኘን። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከስታለች። እሷ ግን «ጋሼ፣ ማመልከቻዬ የት ደረሰ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «በሂደት ላይ ነው» አልኳት። አማርኛ ውስጥ ከዚህ የከፋ ዓረፍተ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ሌላ ሰው ሲለኝ ስናደድበት ኖሬ እኔው ለሷ አልኳት።

ሁለት ቤቶች አልስማማ ሲሉ በየአገሩ የሚደረገው የጋራ ኮሚቴ ማቋቋም ነው፤ ከዚህም ከዚያም ሰው ተመርጦ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ መሐል ላይ ያለ ነገር ይፈልጋል። እኛም ከየቤቱ ሦስት ሦስት ሰው መረጥን። ወይዘሮ ጥሩነሽ አሉበት፣ ሻምበልም፣ እኔም። ሻምበል መጀመሪያ ቦታውን ሄደን እንይ አሉ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ቦታውን ያየ ሰው አልነበረም። አሥር እርምጃ ነው ያልኳችሁ ቦታ።

በስድስት ሰዓት ሲስተር ማርታ ቤት ሄድን። ክፍሏ ጨለማ ነው፤ መስኮቱ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቅላለች፣ በላዩ ላይ ደግሞ ፍራሽ አስደግፋለች። ስድስታችን ቆመን ሳለ ሻለቃ ጮኸ። ብርድ ልብሱም ፍራሹም ምንም አልፈየዱም፤ አልጋው ስር ያለ ነው የመሰለን። ወይዘሮ ጥሩነሽ የመጋረጃ ነጋዴ አይደሉ? ብርድ ልብሱን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን አወረዱ። ሲስተር ማርታ የምንቀመጥበት ባለመኖሩ ይቅርታ ጠየቀችን። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ከዚያ ወደ አባባ ወልዴ ወረድን። ቆሎ አቀረቡልን። ሻምበል በሥርዓቱ ስለ ሂደቱ አስረዷቸውና በመጨረሻ፣ «አመልካቿ ቀን የምትተኛ ነርስ በመሆኗ» አሉ።

አባባ ወልዴ የቆሎውን ሳህን አስቀመጡ። «የቷ ነርስ?»

መስኮቱን አሳየናቸው።

«ያቺ ቀጭኗ ልጅ? ጠዋት ጠዋት ደህና አደሩ የምትለኝ?» መስኮቱን እንደገና አዩት። «ልጅቷ ቀን ነው የምትተኛው?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሁለት ምክር ቤት፣ ስድስት ሳምንት፣ ከአርባ ገጽ በላይ ቃለ ጉባኤ፣ እና ለሽማግሌው ማን እንደተቸገረ፣ ለምን እንደተቸገረ የነገራቸው ሰው የለም። ውሳኔው ሲያወራ የነበረው ስለ እንስሳ ነበር እንጂ ስለ እንቅልፍ አልነበረም። እኔ በተለይ አንገቴን ደፍቼ ቆሎ ፍለጋ ሳህኑን ቃኘሁ። የጋራ ኮሚቴው አመስግኖ ወጣና ሪፖርቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ አዘጋጅቶ ሊያቀርብ ተስማምቶ ተበተነ።

በማግስቱ ጠዋት አልማዝ ቀስቅሳኝ፣ «ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። ሦስት ሰዓት አልፏል። ተኝቼ ነበር። ከንጋቱ ጩኸት በኋላ ሁለታችንንም መልሶ እንቅልፍ ወስዶን ነበር። ከታች ምንም ድምፅ የለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? እኔ ግን ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ሽማግሌው አርደውታል አልኩ። እኛ ነን ያሳረድነው። ሸሚዜን እየቆለፍኩ ወረድኩ። ቆጡ ባዶ ነው። በሩ ተዘግቷል። በርጩማውም የለም። ግቢውን ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ በታች በኩል ካለው ትንሹ በር አጠገብ፣ ከጥበቃው ቤት ጀርባ፣ አባባ ወልዴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ከጥበቃው ጋር ሲያወሩ አገኘኋቸው። ጥበቃውም የሰላሌ ሰው ኖሯል። ሻለቃ በረጅም ገመድ ታስሮ ሣር ውስጥ ይጭራል። ከዚያ ሆኖ ሲጮኽ እንኳን ሲስተር ማርታ እኔም አልሰማሁትም።

«ጠዋት በሩ ላይ ጠብቄ አነጋገርኳት» አሉኝ። «አለቀሰች ልጅቷ። ምን ያስለቅሳል ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ስትገባ እኔ እሱን ይዤ እወርዳለሁ፤ ማታ እሷ ሥራ ስትሄድ ይዤው እመለሳለሁ። እኔም እዚህ ሰው አገኘሁ። እሷ ደግሞ ማታ ስወጣ ግፊትዎን ልለካዎት አለች። ግፊት እንዳለኝ በምን አወቀች?»

ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጠየቅኳቸው። «ኧረ ቆመን ነው ያወራነው» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጋራ ኮሚቴው ሪፖርት ቀረበ። ችግሩ ግን ምን ላይ ይቅረብ? ጉዳዩ የለም። ሁለቱም ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አጀንዳ ፈለጉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅቷ በመተኛቷ በጣም ደስ ብሏቸዋል፤ በዚያው ልክ ቅር ብሏቸዋል። «ቢያንስ ቢያሳውቁን ምን ነበረበት?» አሉ። ሻምበል ነገሩ ከሥርዓት ውጪ ነው፣ ዛሬ ዶሮ ነው፣ ነገ ሁሉም ሰው በየበሩ ቆሞ ይስማማል አሉ። አንዱ ይህ ልማድ ከሆነ ምክር ቤቱ ምን ሊሠራ ነው ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ሁሉንም አስደነገጠ። ስለዚህ ጉዳያቸው በምክር ቤቶቹ በመታየት ላይ ሳለ በግላቸው በመስማማታቸው ለአባባ ወልዴና ለሲስተር ማርታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። በሁለቱም ቤቶች፣ ከተቋቋሙ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ። እኔስ? እጄን አነሳሁ። ከዚህም የባሰ፣ የእጅ ጽሑፍህ ያምራል ተብዬ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አድርስ የተባልኩትም እኔ።

ወደ ማታ ስደርስ ሲስተር ማርታ ወደ ሥራ ልትሄድ ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጥላ፣ አባባ ወልዴ በር ላይ ተንበርክካ ግፊታቸውን ትለካለች። ጉንጯ ተመልሷል። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። አባባ ወልዴ ማኅተሙን አይተው ከመቀመጫቸው ብድግ ለማለት ሞከሩ።

«ከመወሰኛው ነው?»

«ከሁለቱም ነው አባባ።»

«የኔ ዓይን ፊደል መለየት ትቷል። ምን ይላል?»

ወረቀቱን ተቀብዬ ገለጥኩት። የራሴ ጽሑፍ ነው፤ መስመሩ የተስተካከለ፣ ክርክም ያለ። «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል ላይ ደግሞ ከስሩ አስምሬበታለሁ። ሁለቱም ፊቴን ያዩኛል።

«እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል» አልኩ።

አባባ ወልዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለሲስተር ማርታ ሰጧት። «እስቲ አንቺም እይው ልጄ። በክብር የመጣ ወረቀት ነው፤ ሁለት ሰው ቢያነበው ጥሩ ነው።»

አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ እኔ የጫማዬን ማሰሪያ አየሁ። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችና በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

«አዎ አባባ» አለች። «እንኳን ደስ ያላችሁ ነው የሚለው።»

ይኸው እስከዛሬ አባባ ወልዴ ቤት ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ አለ። በግቢያችን ታሪክ፣ ያለ ምንም ማሻሻያ፣ በሁለት ንባብ የጸደቀ ሰነድ እሱ ብቻ ነው።